«ደርሻለሁ» ያልኳቸው ሰው

ሐሙስ ማታ የድሮ ባልደረባዬ ፈንታሁን ደወለና ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «ጋሽ ልየው አረፉ» አለኝ። አከታትሎም «ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፤ እንዳትቀር» ብሎ ዘጋው። አሁን የምኖረው ደብረ ኤልያስ ስለሆነ ገና መኪና ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስድስት ሰዓት የምትለዋን ቃል ሳመላልስ ቆየሁ። ፈንታሁን ስድስት ሰዓት ሲል ስንት ሰዓት ማለቱ እንደሆነ የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ልየው ግን ቢሰሙት ስድስት ሰዓት ነው ብለው ያምኑ ነበር። የማልረሳቸው፣ ልርሳቸው ብልም የማይሆንልኝ በዚሁ የተነሳ ነው።

ጋሽ ልየውን ያወቅኋቸው ደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባለ አንድ ትምህርት ቤት በመምህርነት ስቀጠር ነው። የግቢው ዘበኛም ደወል መቺም እሳቸው ነበሩ። ደወል የምንለው ከጥዱ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በብረት ቁራጭ ሦስት ጊዜ ይመቱታል፤ ከዚያ በሩን ይዘጋሉ። አጠር ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ካፖርት የማይለያቸው፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። የእጅ ሰዓታቸውን ፊቷን ወደ ውስጥ አዙረው ያስሯታል። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «በሩን ስከፍትና ስዘጋ መስታወቷ እንዳትጫር ነው» አሉኝ። እኔ አንድ የረቀቀ ነገር ጠብቄ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቶ ተማሪዎቹን ሊያነጋግር ቀጠሮ ያዘ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን ሜዳው ላይ አሰልፈው ጠበቁ። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ተኩል ሆነ፤ ጋሽ ልየው የማንንም ፊት ሳያዩ ቸርኬውን መቱና ልጆቹ ክፍል ገቡ። ሰውየው ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርስ ባዶ ሜዳ ጠበቀው። ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው ተለዋውጦ «ማን ደውል አለዎት?» ቢሏቸው፣ ጋሽ ልየው እጃቸውን ገልብጠው ሰዓታቸውን አሳዩዋቸው። መከራከራቸው አልነበረም፤ የተጠየቁትን መመለሳቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ አርፋጅ ነኝ። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ደወል ሊመታ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግን ገና ጫማዬን ስፈልግ ነው የምገኘው። ያኔ ለጋሽ ልየው እደውላለሁ። «ጋሽ ልየው፣ ደርሻለሁ፣ በሩን እንዳይዘጉብኝ!» እላለሁ፣ አንድ እግሬ ካልሲ ውስጥ፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ። እሳቸው «እሺ» ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል። ደወሉን ግን ወይ ፍንክች፤ «እሱ የልጆቹ ነው» ይላሉ። እያለከለክሁ ስደርስ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁኛል።

«መምህር፣ ቅድም ደርሻለሁ ያሉኝ የት ሆነው ነው?»

በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም አንቱ ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ላይ ነገር መስሎኝ እስቅ ነበር። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ፈንታሁን ድምፃቸውን አስመስሎ «የት ሆነው ነው?» ሲል ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ሰውየው እያሾፉ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ደርሻለሁ ያለ ሰው እንዴት ሳይደርስ እንደሚቀር እውነትም ሊገባቸው አልቻለም። ጠይቀውኝ፣ አንድ የማይረባ ምክንያት ሰጥቻቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፉታል። በማግስቱ ስደውል እንደገና ያምኑኛል።

ልጅ አልነበራቸውም። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ደም ግፊት ጥሏቸው፣ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ከዋሉ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስለሆነ ደወሉ እዚያ ድረስ ይሰማል። የምሳ ደወል ከተመታ አስር ደቂቃ ያህል ሲሆን ጋሽ ልየው እቤታቸው ናቸው፤ ያጎርሷቸዋል፣ ጎናቸውን ያገላብጧቸዋል፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ማታም እንዲሁ ነው። እትዬ የሻረግ ሰዓት ማንበብ አይችሉም፤ ግን ደወሉን ሰምተው ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ፣ በሩም ይከፈታል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳይከፈት አልቀረም።

ይህንን ሁሉ የነገረችኝ ጎረቤታቸው ከድጃ ናት። ከድጃ ገበያው ዳር ሱቅ ያላት፣ ጋሽ ልየው ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄዱ እትዬ የሻረግን የምትጠብቅላቸው ሴት ናት። «እኔ ቀጠሮ የማከብረው ከሳቸው ጋር ብቻ ነው» ትለኝ ነበር እየሳቀች።

ጋሽ ልየው ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፈንታሁን አንድ ሐሳብ አመጣ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ መምህራን ተሰባስበን አንድ ቦታ እንጎበኝ ነበር። ዛሬ መንገዱ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ የለም፤ ያኔ ግን ይቻል ነበር። የዚያን ዓመት ጉዞ ወደ ጮቄ ተራራ፣ የዱር አራዊት ለማየት ሆነ። ፈንታሁን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ሳፋሪ» ብሎ ለጠፈው። «ጋሽ ልየውን ይዘናቸው እንሂድ፤ መሸኛቸው ይሁን» አለ፤ ሁላችንም አጨበጨብን።

እሳቸው እምቢ አሉ። «የሻረግን ማን ይይዝልኛል?» አሉ። ሆኖም ዓይናቸው እሺ እያለ ነበር፤ የተወለዱት ከጮቄ ግርጌ ነው፣ ከወጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እትዬ የሻረግም የዚያው አገር ሰው ናቸው። ፈንታሁን ተንበርክኮ እስኪለምን ደረሰ።

«ጋሽ ልየው ይሙቱ! አስር ሰዓት ላይ እቤትዎ ነዎት።»

«አስር ሰዓት?»

«አስር ሰዓት!»

«ከድጃ ያን ቀን ደምበጫ ትሄዳለች። እህቷ መውለጃዋ ደርሷል። ከአስር ሰዓት በኋላ መኪና አታገኝም።»

«አስር ሰዓት አልኩዎት እኮ።»

«እንግዲያስ እሺ» አሉ ጋሽ ልየው። እትዬ የሻረግ ደግሞ ከጮቄ ምንጭ ውሃ እንዲያመጡላቸው አዘዟቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ፈንታሁን ክፉ ሰው አይደለም፣ ዘዴኛ ነው። ሰው ሁሉ እንደሚያረፍድ ስለሚያውቅ በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ለመነሳት አስራ አንድ ተኩል ብሎ ይናገራል። እኛም ዘዴውን ስለምናውቅ በአስራ ሁለት ተኩል ከአልጋችን እንነሳለን። መመለሻውም እንዲሁ ነው፤ አስር ሰዓት ሲል ብርሃን ሳለ እንገባለን ማለቱ ነው። ይህን ማንም ለማንም አስረድቶ አያውቅም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ከሃያ ስድስት ሰው መካከል አስራ አንድ ተኩልን አስራ አንድ ተኩል፣ አስር ሰዓትን አስር ሰዓት ብሎ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ጋሽ ልየው ካፖርታቸውን ቆልፈው፣ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ በብብታቸው ይዘው፣ ከተከራየነው ኮስትር አጠገብ ቆመዋል። አፍንጫቸው ቀልቷል። ሹፌሩ እንደነገረኝ እሱ ራሱ ሲመጣ ቆመው ነው ያገኛቸው። እኔ የመጨረሻው አልነበርኩም፤ ከኔ በኋላ አምስት ሰው ጠበቅን። አንዷ መጥታ ከገባች በኋላ ሻርፕ ረስቻለሁ ብላ ተመለሰች። ጋሽ ልየው ሰው በመጣ ቁጥር «ደህና አደሩ» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። አንድ ጊዜ ብቻ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩ።

ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ላይ ቁርስ በላን፤ ለምሳ የሚሆነን በግ እዚያው እንዲታረድልን አዘን ወጣን። ተራራው ላይ ስንደርስ አምስት ሰዓት ነበር። ሳፋሪው የሚያሳዝን ነበር። ሜዳው ታርሶ ገብስና ድንች ሆኗል፤ ያየነው ሩቅ የምትሮጥ አንዲት ሚዳቋና የሰው ፈረስ ነው። ጋሽ ልየው ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ያንን ሰው ያለ በርና ያለ ቸርኬ አይቻቸው አላውቅም። ከምንጩ ተንበርክከው ጠጡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ጠርሙሷን ሞልተው ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጥብቀው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ። ያበበ ጅብራ፣ ያንን እንደ ምሰሶ የሚቆም የደጋ ተክል አሳዩኝና «ይሄ ሲያብብ ልጆች ሆነን ንቡን እናባርር ነበር» አሉኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወሬ አውርተውልኝ አያውቁም።

ፈንታሁን በሰባት ሰዓት መኪናው ጋ እንድንገናኝ ነገረን። እኔ ሰዓቱን ወደ ጎን ተውኩና ብቻዬን ሸንተረሩን ተሻግሬ ሄድኩ፤ የአገሬው ሰው ከወዲያ በኩል የቀበሮ ጉድጓድ አለ ብሎኝ ነበር። እውነትም ነበረ። ቀይ ቀበሮዋ ጉድጓዷ አፍ ላይ ተጋድማለች፣ ሦስት ግልገሎቿ ጭራዋን ይጎትታሉ። ሆዴ ላይ ተኝቼ በስልኬ ፎቶ አነሳ ጀመር። ከሁሉም ሰው ተለይቼ የዱር አውሬ ያየሁት እኔ በመሆኔ የተሰማኝ ኩራት ዛሬ ሲታወሰኝ ያመኛል።

ስልኬ ሲጮህ ሰባት ተኩል አልፎ ነበር። መኪናው ጋ ኔትወርክ የያዘችው የጋሽ ልየው ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ስለነበረች ፈንታሁን ይደውሉልኝ ብሏቸው ነው።

«መምህር፣ ሰው ሁሉ ገብቷል። የት ደረሱ?»

«ደርሻለሁ ጋሽ ልየው! አምስት ደቂቃ!»

«እሺ» አሉ።

ከመኪናው ቢያንስ የአርባ ደቂቃ መንገድ ርቄ ነበር። ስልኩን ዘግቼ እንኳ አልተነሳሁም። አንዷ ግልገል ወደኔ ትመጣ ነበርና፣ ሌላ ፎቶ፣ ሌላ ፎቶ እያልኩ ሩብ ሰዓት ጨመርኩ። ቀና ስል ሸንተረሩ የለም። ጉሙ ከሥር ተነስቶ ጨርሶታል። ወደየት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ስዞር፣ ስጣራ፣ ስወድቅ፣ አንድ ገበሬ አግኝቶ እጄን ይዞ አደረሰኝ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። መኪናው ውስጥ ስገባ ያልሰደበኝ የለም፤ ሹፌሩ እኔን ላለማየት ፊቱን አዞረ። ጋሽ ልየው ግን ከኋላ ወንበር ሆነው «እንኳን በደህና መጡ» አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፎቶዎቹን አጠገቤ ለተቀመጠው አሳየሁ።

ቁልቁለቱን በጉም ውስጥ እየዳበስን ወረድን። ሮብ ገበያ ስንደርስ አስር ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጉሙ ሲወርድ ጠፍቶ የነበረው ኔትወርክ ሲመለስ ጋሽ ልየው ለከድጃ ደወሉ። ከፊታቸው ስለነበርኩ የሷን ድምፅ እሰማለሁ፤ ከኋላዋ የመኪና ሞተር አለ።

«ደምበጫ መንገድ ላይ ነኝ» አለች። «አስር ሰዓት ሲል ወጣሁ። እርስዎ አስር ሰዓት ካሉ አስር ሰዓት አይደል? በሩ ጋ የምንተላለፍ መስሎኝ ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ጋሽ ልየው፣ እቤት የሉም እንዴ?»

ለሌሎች ጎረቤቶች ልደውል ብላ ዘጋችው። ቅዳሜ የማርቆስ ገበያ ነው፤ ያነሳላት ሰው አልነበረም።

ምግብ ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጥብሱ እየሸተተ ነበር። ሃያ አምስት የራበው ሰው ከመኪና ወርዶ ገባ። ጋሽ ልየው ፈንታሁንን እጁን ያዙት። «ባለቤቴ ብቻዋን ናት» አሉት፤ ይህንኑ ብቻ። ፈንታሁን ደነገጠ፣ እውነቱን ለመናገር ደንግጦ ነበር። «አስር ደቂቃ ጋሽ ልየው፣ ቀምሰን ውልቅ ነው» አላቸው። «እሺ» አሉና ተመልሰው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። በመስኮቱ አያቸው ነበር። ድንች የጫነ አይሱዙ ወደ ማርቆስ አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አለፈ። ቢያስቆሙት ይጭናቸው ነበር። አስር ደቂቃ ተብለዋልና አላስቆሙትም። እኛ አርባ አምስት ደቂቃ በላን። እኔም በላሁ፤ አጥንት ሳይቀር ግጫለሁ።

ዝናብ መንገድ ላይ ያዘን። ማርቆስ ስንደርስ አስራ ሁለት ተኩል ሆኖ ነበር። መኪናው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳይቆም ጋሽ ልየው በሩን ከፈቱት። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ፈንታሁንና እኔ ተከተልናቸው።

እትዬ የሻረግ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ግማሽ አካላቸው ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ። በዚያ በማይታዘዝ ጎናቸው ከአልጋው ወርደው፣ ወለሉን በአንድ እጃቸው እየሳቡ፣ በሩን ከፍተው ነው የደረሱት። ክርናቸው ተልጧል። ከድጃ እንደወጣች በሩ ይከፈታል ብለው ጠብቀዋል፤ አልተከፈተም። ይህ በአራት ዓመት ውስጥ ሆኖ ስለማያውቅ ባላቸው አንድ ነገር ደርሶባቸው ነው እንጂ ሌላ ሊያስቡ አልቻሉም። ሊደርሱላቸው መሄዳቸው ነበር። ጋሽ ልየው አቅፈው ሲያነሷቸው እንደ በረዶ የቀዘቀዘው የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ።

ጋሽ ልየው በካፖርታቸው ጠቀለሏቸው። ምን ይበሉ? ምንም አልሆኑም።

ሳምባ ምች ነው ተባለ። ሐኪም ቤት ገብተው በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለቀብሩ ከሰው ኋላ ቆሜ ተመለስኩ። ለቅሶ ቤት ለመድረስ ግን ድፍረት አጣሁ፤ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ፣ ሰው ቀለል ሲል ሄድኩ። ጋሽ ልየው መደቡ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ሳጥኑ ላይ ያቺ የሃይላንድ ጠርሙስ አለች፤ ክዳኗ አልተከፈተም። «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ብዬ ተቀመጥኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲያውም ቢሰድቡኝ ምኞቴ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ያን ቀን ደርሻለሁ ያልከኝ የት ሆነህ ነው?»

ያቺው ጥያቄ ናት። በሩ ላይ ስትጠየቅ የምንስቅባት። ዓይናቸውን ዓይኔ ውስጥ ተክለው ይጠብቃሉ። እውነቱን ልናገር ብዬ ነበር የሄድኩት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ብዬ ነበር።

«ጅብራዎቹ ጋ ነበርኩ» አልኳቸው። «መኪናው ይታየኝ ነበር። ከዚያ ጉሙ ዋጠኝ።»

ትከሻቸው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«አውቄ ነበር» አሉ። «ሹፌሩ እንሂድ፣ እሱ ከገበሬ ቤት አድሮ ነገ ባገኘው መኪና ይመጣል ሲል፣ ሰው ሁሉ እሺ ብሎ ነበር። የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ደርሻለሁ ብሎኛል፣ እደጃችን የደረሰ ሰው ጥለን አንሄድም አልኩ። ሌሊቱን ሁሉ ስብሰለሰል አደርኩ፤ ባልደረሰስ፣ እንዲያው በከንቱ ከሆነስ ጥበቃዬ እያልኩ። እንኳን ነገርከኝ ልጄ።»

ያስጠበቁልኝ እሳቸው እንደሆኑ እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም። ያኔ ተነስቼ «ውሸቴን ነው» ብል፣ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር ልወስድባቸው ሆነ። ይህን እንደ ምክንያት ይዤው ስኖር ነበር። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው።

ሰው ሁሉ ጣቱን እኔ ላይ ሲቀስር የሚከራከሩልኝ ጋሽ ልየው ሆኑ። ጠጅ ቤት ይሁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ስሜ በክፉ ሲነሳ «መምህሩ ደርሶ ነበር፤ ጉሙ ነው» ይላሉ አሉ። በራሴ ውሸት ሲሟገቱልኝ በሰማሁ ቁጥር ከዚያ ከተማ ለመጥፋት እመኝ ነበር። ደብረ ኤልያስ ዝውውር ስጠይቅ ለዘመዶቼ ቅርብ ልሁን ብዬ ነው የጻፍኩት። ጋሽ ልየው ከጡረታ በኋላም ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጡ ነበር አሉ። አዲሱ ዘበኛ ደወሉን ሲያዘገይ እጃቸውን ገልብጠው ያያሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረው፣ ሐሙስ ዕለት እዚያው ድንጋይ ላይ ዘንበል እንዳሉ ተገኙ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መንገዱ እንደ አጋጣሚ ክፍት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ በዕድሜዬ ቀጠሮ ቀድሜ ስደርስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከሁለት ጉድጓድ ቆፋሪዎች በቀር ማንም የለም። ከእትዬ የሻረግ አጠገብ ነው የቆፈሩላቸው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ተኩል ሲሆን ለፈንታሁን ደወልኩ።

«ደርሰናል፣ ደርሰናል! በሩ ላይ ነን» አለኝ።

ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። አንድ ውሻ ተኝቶበታል። ከፈንታሁን ድምፅ ጀርባ የለቅሶ ቤቱ ጫጫታና ድንኳን ውስጥ የሚደረደር ወንበር ይሰማል። አንደኛው ቆፋሪ ዶማውን ተደግፎ «ደረሱ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ደርሰናል ይላሉ» አልኩት።

አስከሬኑ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣ። እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ፍትሐቱ አልቆ ሳጥኑ ሲወርድ ሰው ገፍቶ ወደ ጉድጓዱ አፍ አደረሰኝ። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ከድጃ ከግቢው ግንብ ውጭ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። የመጀመሪያው አፈር ሳጥኑ ላይ ሲያርፍ ጎንበስ አልኩ።

«ጋሽ ልየው፣ ጅብራዎቹ ጋ አልነበርኩም» አልኳቸው። «ሲደውሉልኝ ገና ከቀበሮዋ ጋ ነበርኩ። አልተነሳሁም ነበር።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። እዬዬው ስለበዛ ማንም አልሰማኝም።